ወሰን የሚዞረው በሰው በኩል ነው

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። መታወቂያዬ ላይ ሌላ ተጽፏል፤ እሱ የጸሐፊው ግምት ነው። እኔ የምቆጥረው እናቴ በነገረችኝ ነው። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎረምሳ ሆኜ ነው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፤ ረጅም ቃል ሲመጣብኝ መሃሉ ላይ አርፋለሁ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። በዚያ መስከረም እጄ የገባው ዕቃ ከእኔ ምን ያህል የራቀ እንደነበር እንድታውቁት ነው።

የምኖረው ከሚዛን ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ያለኝ አንድ የቡና ማሳ ነው። ከላዩ የቤቴ ጓሮ፣ ከታቹ ወንዝ፣ በአንድ ጎኑ ደን፣ በሌላው ጎኑ ጎረቤቴ። ጎረቤቴ እኩያዬ ነው። ልጆች ሳለን ቀፎ ለመስቀል አንድ ዛፍ ላይ አብረን ወጥተናል፤ ካገባን ጀምሮ ደግሞ በአንድ ወሰን ላይ ኖረናል። እሱም ከእኔ ሌላ የሚዋሰነው ሰው የለም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ስብሰባ ጠራን። ቡናችንን የሚገዙት የውጭ አገር ሰዎች ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አንፈልግም ብለዋል አሉን። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ማሳ የት እንዳለ ከሰማይ መታየት አለበት፤ ማሳው በማሽን ተዞሮ ያልገባለት ሰው እሸት ቡናውን ማጠቢያ ጣቢያው አይቀበለውም። እኔ ተነሳሁ። አባቶቻችን ወሰናቸውን ያውቁት ነበር፣ እኛም እናውቀዋለን፣ ለሰማይ ማስረዳት ለምን አስፈለገ አልኩ። ብዙ ተናገርኩ መሰለኝ። ሰብሳቢው እስክጨርስ ሰማኝና፣ ወሰን እንዲህ ጠንቅቀው ካወቁ የመንደሩን ታብሌት እርስዎ ይያዙ አለ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። እምቢ ብል ፈራ ሊሉኝ ነው። ፈራ ሲሉኝ አልወድም። ተቀበልኩ።

ታብሌት የያዝነውን ሚዛን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው አጠቃቀሙን አሳዩን። ያሳየችን ባለሙያ ወጣት ናት፣ ትሁትም ናት፤ ጣቷ ግን ይፈጥናል። አንዱን ሳልይዝ ሌላው ያልፈኛል። ከብዙ ማየት በኋላ ይዤ የተመለስኩት ይህን ብቻ ነው፦ አረንጓዴዋን ተጭኖ መጀመር፣ ወሰኑን መዞር፣ መነሻው ላይ ሲደርሱ ሰማያዊዋን ተጭኖ መዝጋት። የቀረው እንግሊዝኛ ከአማርኛ የተደባለቀበት ነበር። ስንለያይ ባለሙያዋን ሌላ የሚያስቸግር ነገር አለው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የለውም አባባ፣ ወሰንዎን መዞር ብቻ ነው አለችኝ። ወሰን መዞርማ አውቃለሁ ብዬ መጣሁ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ወሰን የሚዞረው በሰው በኩል ነው። የቡና ለቀማ ሊደርስ ሲል ሁለት ተዋሳኞች ወሰናቸውን አብረው ይመነጥራሉ። እኔ ወደ እሱ መሬት እሻገራለሁ፣ እሱ ወደ እኔ መሬት ይሻገራል፤ ወሰኑን መሃል አድርገን ጎን ለጎን እንሄዳለን። ገጀራዬ የሚያየው ወደ ገዛ ማሳዬ ስለሆነ፣ ብስገበገብ የምቆርጠው የራሴን ነው። እሱም እንደዚሁ። በራሱ በኩል ሆኖ ወሰን የሚመነጥር ሰው ግን ገጀራው የሚያየው ወደ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያየን እንደሆነ ተጣልቷል እንላለን፣ ወይም ሊገፋ አስቧል። ሽማግሌ እስከ መላክ ያደርሳል።

እናም የራሴን ማሳ ልዞር ታብሌቱን በላስቲክ ጠቀለልኩ፣ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፣ ወደ ጎረቤቴ መሬት ተሻገርኩ። እሱ ወደ እኔ ተሻገረ። በእሱ በኩል፣ ወሰኑ ጥግ፣ ኮረሪማው ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። የሰው ኮረሪማ አይረገጥም፤ ስለዚህ መሄጃው ወደ ውስጥ ዞር ይላል፣ ምርጥ ቡናው ባለበት በዋንዛው ጥላ ሥር ያልፍና ተመልሶ ወሰኑን ይይዛል። ዘመኔን ሁሉ የሄድኩበት ስለሆነ እግሬ ሳላዘው ያውቀዋል።

ጎረቤቴ ከማዶ ሆኖ እንደ ላም ደወል ያንጠለጠሉብህ እንዳትጠፋ ነው ወይ አለኝ። ብጠፋ ድምፄን ሰምተህ ታገኘኛለህ አልኩት። እሱስ ድምፅህ ቴፒ ድረስ ይሰማል አለ። እየተሳሳቅን ዞረን ጨረስን። ሰማያዊዋን ስጫን ማሳዬ በአረንጓዴ መስመር ተከቦ ወጣ፤ ተመዝግቧል አለ። ጉብታው ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ካለበት፣ ላክሁት።

በማግስቱ የእሱን ልንዞር ተነሳን። ታብሌቱን እሱ አንገት ላይ አደረግነው። እሱ በእኔ በኩል፣ እኔ በእሱ በኩል፣ እንደ ልማዳችን። መነሻው ላይ ደርሰን ሰማያዊዋን ስጫንለት ገጹ ቀላ። የእሱ ማሳ በእኔ ማሳ ላይ ወጥቶ፣ የተደራረቡበት ቦታ እንደ በሰለ ቡና ፍሬ ቀልቷል። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ይህ መሬት በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል ይላል። በልቤ ማንበብ ብችል ዝም እል ነበር፤ እኔ ግን ሳነብ ድምፄ ይወጣል፣ ሌላ ማንበብ አላውቅም።

ጎረቤቴ ፊደል አልቆጠረም። ዋንዛው የት እንደቆመ ለማወቅ ግን ፊደል አያስፈልገውም። ሥዕሉን ቆሞ አየው።

"ዋንዛዬ አንተ ውስጥ ነው ያለው" አለ።

"ማሽኑ ተሳስቶ ነው።"

"ማሽኑን የያዝከው አንተ ነህ።"

ገመዱን ከአንገቱ አወጣ፣ ታብሌቱን ሰጠኝ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጉብታው ላይ ወጥቼ ባለሙያዋ ጋ ደወልኩ። ቱም በኩል ለሥራ ሄዳ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶባት እዚያው ቀርታለች። እንዴት እንደዞርኩ ጠየቀችኝ። በወግ ነው የዞርኩት አልኳት። ወጉ ምንድን ነው አለች፤ ነገርኳት። ከዚያ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ መስመር የሚያሰምረው ታብሌቱን የያዘው ሰው በረገጠበት ነው፤ ቀድሞ የገባውን ነው የሚያጸናው፤ የእኔ እስኪታረም የእሱ አይገባም። ማረሚያው ውስጡ አለ፣ ግን በስልክ ላሳይዎ አልችልም፣ እየነካኩ ይፈልጉት። ቀዩን ቅርጫት ብቻ እንዳይነኩ፤ ከእናንተ በፊት የሌላ መንደር ሰዎች የዞሩት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መኪና መጥቶ ታብሌቱን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ያልገባ ለዘንድሮ ቀረ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ልጠይቃት ስል ተቋረጠ።

እቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ውጭ ዝናቡ አያባራም። ታብሌቱን ከፊቴ አስቀምጬ ሳየው ያየኛል። ስገባበት እገባለሁ፤ መውጫው ነው የሚጠፋኝ። ወደ ኋላ የምትመልስ ቀስት አለች፤ ስነካት ያልተቀመጠው ይጠፋል፣ ይጥፋ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። አዎ ልል እፈራለሁ። አይ ስላት ደግሞ እዚያው ትተወኛለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ቢጠይቀኝ ሳልመልስለት ተነስቼ እሄድ ነበር። ከዚህ ግን ተነስቶ መሄድ የለም፤ ብሄድ የጎረቤቴ ዋንዛ በስሜ እንደ ሆነ ይቀራል።

ጣቴም ጠላት ሆነብኝ። ዕድሜውን ሲለቅምና ሲመነጥር የኖረ ጣት ቆዳው እንደ ቅርፊት ነው፤ መስታወቱ ሲለው ይሰማዋል፣ ሲለው አይሰማውም። ኋላ ነው የግራ እጄን ትንሿን ጣት እንደሚሰማ ያወቅሁት። ሥራ የማትሠራ ጣት ስለሆነች ለስላሳ ናት። የቤቱ ሁሉ ችግር በእሷ ላይ ወደቀ።

ከቤት መውጣቱም ከበደኝ። ምንጩ በጎረቤቴ ደጅ ነው። ድሮ ሚስቴ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ የእሱ ሚስት ትጠራትና የቡና ቅጠል የተፈላበትን ጨሞ ጠጥተው፣ አውርተው፣ ዘግይታ ነው የምትመለሰው። በዚያ ሳምንት እንስራዋን ሞልታ ወዲያው ትመጣለች። ምን አሉሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ነገር አሰብኩ። ሰው ገጀራ መያዝ የሚማረው በአረም ላይ ነው፣ በቡና ላይ አይደለም። እኔ ግን በሰው መሬት ላይ ልማር እየሞከርኩ ነው፤ የፈራሁትም ለዚህ ነው። ቢጠፋ የማያስቆጭ መሬት ያስፈልገኛል። እንሰቱን አየሁት፤ አላስቻለኝም። ጎደሬውንም እንደዚሁ። ዞሬ ዞሬ ዓይኔ ከጓሮ ሽንት ቤቱ ላይ ወደቀ። ታብሌቱን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ኬሻ ተከናንቤ፣ አረንጓዴዋን ተጭኜ ሽንት ቤቱን መዞር ጀመርኩ።

ሚስቴ ከበር ላይ አየችኝ።

"ሰውዬ፣ ምን ሆንክ?"

"የሽንት ቤቱን ወሰን እየዞርኩ ነው።"

"ማን ገፋብህ?" አለችና ገባች። ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት፤ ከቀናት በኋላ በዚያ ቤት የተሰማ ሳቅ እሱ ነው።

ማሽኑ ሽንት ቤቱን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለ። የቡናው ዕድሜ ስንት ነው፣ የጥላው ዛፍ ምንድን ነው አለኝ እንጂ። የመጣልኝን ነካሁለት። ከዚያ በኋላ ያለ ፍርሃት ነካካሁት። ቀስቷ ይጥፋ ወይ ስትለኝ ይጥፋ አልኳት፤ ጠፋ፣ ሰማይ አልወደቀም። ደግሜ ዞርኩ። ከሾላው ሥር ሳልፍ ሰማዩ ስለሚሸፈንበት መስመሩ እንደሚዘል አየሁ። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች፤ እሷ እኔ ነኝ። ስሄድ ትሄዳለች። ስቆም ግን እሷ አትቆምም፤ በረት ውስጥ እንደገባ ጥጃ በቆምኩበት ትቅበዘበዛለች፣ መስመሩን ትተበትበዋለች፣ የተተበተበ መስመር ደግሞ ማሽኑ አይቀበልም። ስለዚህ ከተጀመረ ቆሞ ማረፍ፣ ቆሞ ማውራት የለም። እስኪዘጋ መሄድ ነው። ይህን ከሽንት ቤቱ ተማርኩ።

አርብ ወደ ማሳዬ ሥዕል ተመለስኩ። የተላከ ነገር እንደ ሽንት ቤቱ በቀስት አይጠፋም። በትንሿ ጣት መስመሩን ነካሁት፤ ዝም። ደግሜ ነካሁት፤ ዝም። ቀዩ ቅርጫት ጥግ ላይ ሆኖ ያየኛል። ተናደድኩና አውራ ጣቴን መስመሩ ላይ አሳረፍኩ። ስሜን መጻፍ ባውቅም መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያስፈርመኝ በጣት ነው፤ ቀለሙ እስኪይዝ ተጭኖ መቆየት ነው፣ ቶሎ ካነሱት ያስደግሙሃል። እንደዚያ አድርጌ ተጫንኩና ቆየሁ። ጣቴ ከደጅ ርሶ ስለነበር ይሁን እንጃ፣ መስታወቱ ሰማኝ። ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። ፊደል በፊደል አነበብኳት። አርም ትላለች። ነካኋት። ወሰኑን በድጋሚ ይዙሩ አለችኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በድጋሚ መዞር ማለት በራሴ በኩል መዞር ነው። እንደ ጠበኛ። የጎረቤቴን መሬት ለመመለስ፣ መሬት የሚገፋ ሰው የሚሄደውን አካሄድ መሄድ አለብኝ። አስቀድሜ ልነግረው ወደ ቤቱ ሄድኩ፤ ሚስቱ ከደጅ ሆና የለም አለችኝ። ቀኑ እየሄደ ነው፤ በማግስቱ መኪናው ይመጣል። ተመለስኩና አረንጓዴዋን ተጫንኩ።

ከደኑ ጀምሬ፣ በወንዙ በኩል ወርጄ፣ ወደ ወሰናችን ታጠፍኩ። ዝናቡ ቀጠን ብሎ ይዘንባል። ቡናዬን በቀኝ፣ የእሱን ኮረሪማ በግራ አድርጌ፣ በገዛ መሬቴ ላይ እየሄድኩ ነው። ትንሽ እንደሄድኩ ጎረቤቴን አየሁት። ከዋንዛው ሥር ቆሟል። ገጀራውን ይዟል፣ ግን አይመነጥርም።

"በራስህ በኩል ነው የምትሄደው" አለ።

ቆሜ ላስረዳው ፈለግኩ። ብቆም ነጥቧ ልትቅበዘበዝ ነው፣ መስመሩ ሊተበተብ ነው፣ የእሱም መሬት እዚያው ሊቀር ነው። እግሬን ሳላቆም መለስኩለት።

"ማሽኑ ነው እንዲህ የሚፈልገው።"

"ማሽኑ እግር የለውም" አለኝ።

አለፍኩት። ያን ያህል ዘመን ጀርባዬን ሰጥቼው ሄጄ አላውቅም። ወደ ኋላ እንዳልዞር አንገቴ ላይ ያለው ገመድ የያዘኝ መሰለኝ፤ በሬ በገመድ እንደሚሳበው እኔም ያቺን መነሻ ቦታ እስክደርስ ተሳብኩ። ዘጋሁት። ጉብታው ላይ ወጥቼ ላክሁት። መስመሩ ተስተካክሎ ወጣ። ዋንዛው ከእኔ ወጥቷል። ምርጥ ቡናውም ኮረሪማውም ወጥቷል።

በቀጥታ ወደ ቤቱ ወረድኩ። አሁን በሩ ላይ ወጣ፤ ግባ ግን አላለኝም። ታብሌቱን ከፍቼ አሳየሁት። መሬትህ ወጥቷል፣ አሁን ያንተ ይገባል፣ ዋንዛህም ከነጥላው በመስመርህ ውስጥ ይሆናል፣ አንድ ጊዜ በራስህ በኩል ዙርልኝ አልኩት። ሥዕሉን አየ፤ ቀይ እንደሌለ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"አንተ ተምረሃል፣ ለምደሃል" አለ። "እኔ በገዛ መሬቴ ላይ እንደ ጠበኛ አልዞርም። ሚስቴም ልጆቼም አይዞሩም። ቡናው ዛፉ ላይ ይድረቅ።"

ለመንኩት ማለት እችላለሁ። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። በሩን አልዘጋብኝም፤ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ።

ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ለሚስቴ አማረርኩ። ማሽኑን እንደ ጠላት ስታገለው ከርሜ እጅ ካሰጠሁት በኋላ ሰው እምቢ አለኝ አልኳት። ማሽኑ በራሱ በኩል ካልሆነ አይቀበለው፤ እሱ በራሱ በኩል አይሄድ። በየት በኩል ልወጣ? ሚስቴ ጎደሬ ትልጣለች። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ድሮ በእሱ መሬት ላይ የሚሄደው ማን ነበር?"

"እኔ ነኛ።"

ወደ ጎደሬዋ ተመለሰች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። የእሱ መስመር መያዝ ያለበት በእሱ መሬት ላይ ነው። በእሱ መሬት ላይ በወግ የሚሄደው እኔ ነኝ። የእኔም መስመር መያዝ የነበረበት በእኔ መሬት ላይ፣ በእሱ አንገት ነበር። ታብሌቱን ባለመሬቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ቢይዘው ኖሮ ማንም ወግ አያፈርስም፣ ማንም መሬት አይቀላም ነበር። እኛ እያንዳንዳችን የራሳችንን ተሸክመን ሄድን። ስህተቱ ይኸው ነው። ልነግረው ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። በቃል ቢሆንማ በሩ ላይ ነግሬው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ መኪናው ሳይመጣ፣ ታብሌቱን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ገጀራዬን ይዤ ወደ ጎረቤቴ መሬት ተሻገርኩ። ውሻው አወቀኝ፣ አልጮኸም። በትንሿ ጣቴ የእሱን ማሳ ከፈትኩ፣ አረንጓዴዋን ተጫንኩ፣ በወሰኑ ጥግ መሄድ ጀመርኩ። ወደ ዋንዛው የሚዞረውን መሄጃ ተውኩት፤ በዚያ ብሄድ ኮረሪማው ከመስመሩ ውጭ ሊቀርበት ነው። እሱን ላለመርገጥ በግንዶቹ መሃል እግሬን እየሰካሁ አለፍኩ፤ ጤዛው እስከ ወገቤ አራሰኝ። ግማሽ መንገድ ስደርስ ከወሰኑ ማዶ፣ በእኔ መሬት ላይ፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ገጀራ አንድ ጊዜ ቅርንጫፍ መታ፤ ትንሽ ቆይቶ ደገመ። እርምጃው ከእርምጃዬ እኩል ነው። ዞር ብዬ ላየው ፈለግኩ፤ መቆም ግን የለም፤ እግሬን ሳላቆም ሄድኩ።